ማስጠንቀቂያውን ማን ዋጠው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረዳችሁም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በሲ ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል። ሜክ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን እንዴት ኮምፓይል እንደሚያስደርግ በሚያነብበት ሜክፋይል ውስጥ፣ ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያዘውን «ዳሽ ደብሊው ኦል» ጽፋችኋል፤ ኮዱን የምትጽፉበት ኤዲተር ግን ዝም ብሏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኤዲተሩን፣ ቪኤስ ኮድን፣ ነቅሎ እንደገና ይጭናል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ኪሳራ ነው፤ ችግሩም እዚያው ይቆያል።

ኤዲተሩ በራሱ ሜክፋይል አያነብም። ከኮዱ ሥር የማስጠንቀቂያ መስመር የሚያሰምረው ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ሳይሆን ከጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ክላንግዲ ከሆነ የኮምፓይል ትእዛዞቹ የተጻፉበትን «ኮምፓይል_ኮማንድስ.ጄሶን» የተባለውን ፋይል ይፈልጋል፤ ካጣው በግምት ይሠራል። ሜክፋይልን ራሱ የሚያዘጋጀው ሲሜክ የተባለው መሣሪያ ይህን ፋይል ያወጣላችኋል፤ ኤክስፖርት ኮምፓይል ኮማንድስ የሚለውን አማራጭ «ኦን» ማድረግ ብቻ ነው። ሲሜክ ለሌለው ትንሽ ፕሮጀክት «ኮምፓይል_ፍላግስ.ቲኤክስቲ» በዋናው ፎልደር ይበቃል። በአንድ መስመር አንድ ፍላግ፣ ማለትም እንደ «ዳሽ ደብሊው ኦል» ያለ አንድ ትእዛዝ፣ ብቻ ጻፉ፤ ሁለቱን በአንድ መስመር ካስቀመጣችሁ እንደ አንድ ቃል ይነበባሉ። ከዚያ ክላንግዲን እንደገና አስነሡት።

ሜክን የምታሂዱበት ተርሚናልም ዝም ካለ ጥፋቱ የኤዲተሩ አይደለም። ከሁሉ የሚያታልለው ሜክ ራሱ ነው። ያልተነካ ፋይልን እንደገና ኮምፓይል ስለማያስደርግ፣ መጀመሪያ የታየው ማስጠንቀቂያ በሁለተኛው ጊዜ ይጠፋል፤ ተማሪውም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ሜክፋይሉን ብትቀይሩት እንኳ፣ ኦብጀክት ፋይሉ (ኮምፓይል ተደርጎ የወጣው ፋይል) የሚመካበት ተብሎ ካልተመዘገበ በቀር ሜክ አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል። «ሜክ ዳሽ ቢ» በሉት፤ ቢዋ ትልቋ ናት፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይሠራል።

ሲ ፕላስ ፕላስ እየጻፋችሁ፣ ፍላጎቹን ለሲ በተመደበው «ሲፍላግስ» በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ የሞላችሁም አላችሁ። የሜክ የተለመደው ደንብ ለሲ ፕላስ ፕላስ የሚያነበው «ሲኤክስኤክስፍላግስ»ን ነው።

ትንሿ ደብሊው («ዳሽ ደብሊው») ብቻዋን ከገባች ማስጠንቀቂያን ሁሉ ትዘጋለች። ከሌላ ሰው የተቀዳ ሜክፋይል ውስጥ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ። ዋጋ ሳይሰጠው ሊነበብ ስለሚችል ተለዋዋጭ የሚነግረው የጂሲሲ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን ፈጣን የሚያደርገው የኮምፓይለሩ ሥራ) ካልበራ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም፤ በ«ዳሽ ኦ2» ሞክሩት።

አሁን ላፕቶፓችሁን ክፈቱ። አንድ ፈንክሽን ውስጥ የማትጠቀሙበትን ተለዋዋጭ አውጁና «ሜክ ዳሽ ቢ»ን አሂዱ። ተርሚናሉ ተናግሮ ኤዲተሩ ዝም ካለ የክላንግዲን ፋይል እዩ። ሁለቱም ዝም ካሉ ሜክ የሚያትመውን የኮምፓይል መስመር አንብቡ፤ ፍላጉ እዚያ ከሌለ ጂሲሲ ጋ አልደረሰም።