ለካላዛር ቀብድ የሚሰጥ ማን ነው?

በጥምቀት ማግስት ጎንደር ላይ ለተወላጆች፣ ለነጋዴዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የከተማችን ነጋዴዎች፣ ለበዓሉ ከሩቅ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፤ እንኳን አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ባለሀብቱና የጤና ምርምር» ይላል። ሰፊ ርዕስ ነው። እኔ ግን ስለ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ስለሚተላለፈውና ካልታከመ ስለሚገድለው በሽታ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ጥያቄው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አብሮኝ ኖሯል፤ እርሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ ራሴን ይቅር አልልም።

የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከወባ የተወለደ መሆኑን ለእናንተ አልነግራችሁም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ወባ ገብታ ሰውን በሺህ ፈጀች። ከዚያ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እዚህ የተከፈተው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ አንድ ላይ ቆላድባ ወርደው የተማሩት በሽታው ባለበት ቦታ ነው። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና ተማሪዎች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጣችኋል። እኛ በሽታን ከመጽሐፍ ብቻ ያወቅን ሰዎች አይደለንም።

እኔም አዘዞ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. የካላዛር ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የበለሳ ልጅ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። መስከረም ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ፣ ሌሊት በግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው መረሬ አፈር ላይ ሲተኛ ከርሟል። የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጥር ላይ ትኩሳት ጀመረው። መጋቢት ላይ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅና እግሩ እንጨት ሆኗል፤ ሆዱ ግን የሱሪው ቁልፍ እስከማይገጥም ድረስ ተነፍቷል። ጣፊያው ነው።

ምርመራው ራሱ ሌላ ስቃይ ነበር። በጣት ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ ሕንድ ውስጥ የሚያስተማምነውን ያህል በምሥራቅ አፍሪካ አያስተማምንም። ስለዚህ ሐኪሙ ረጅም መርፌ ጣፊያው ውስጥ አስገብቶ ቅንጣት ቀድቶ ያወጣል። ጣፊያ ከደማ ሰው ይሞታል። ልጁ ትንፋሹን ይዞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እጄን እስኪያመኝ ጨብጦኝ ነበር።

ከዚያ ሕክምናው ጀመረ። ስቲቦግሉኮኔት። ይህ መድኃኒት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ በዕድሜ ከኮሌጃችን ይበልጣል። በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ 30 ቀን ሙሉ በመርፌ ይሰጣል። መጠኑ ብዙ ስለሆነ ለሁለት ከፍለን ግራና ቀኝ እንወጋዋለን። ልብን ይጎዳል፣ ቆሽትን ይጎዳል፣ ያስመልሳል። በየሳምንቱ የጣፊያውን ጠርዝ በሆዱ ላይ በእስክሪብቶ አስምረን፣ ከጎድኑ በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ በሜትር እንለካለን። ያ ልጅ ገላውን ሲታጠብ የመጀመሪያውን መስመር እንዳይጠፋ በመዳፉ ይሸፍነው ነበር። ጣፊያው እየሸሸ መሆኑን በገዛ ዐይኑ ማየት ይፈልጋል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን መርፌውን ሳዘጋጅ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፤ «እታለም፣ ለዚህ በሽታ የሚዋጥ የለውም?»

አለው። ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ። ጀርመን ውስጥ ለካንሰር ተብሎ ተሠርቶ፣ ለካላዛር እንደሚሆን የታወቀው በኋላ ነው። በሕንድ ቢሃር ብዙ ሕሙማን ተሞክሮባቸው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. እዚያ ጸደቀ። እዚሁ እኛው አጠገብ፣ ሁመራ ላይ፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከመርፌው ጋር አወዳድረው ሞክረውታል፤ ውጤቱም በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኛ ክፍል ግን አልነበረም። «አይዞህ ወንድሜ፣ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረህ» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ልጁ ድኖ ወጣ። በሚቀጥለው መስከረም ተመልሶ መተማ ወረደ። መድኃኒቱ በነጻ ቢሆንም ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ምግብ በሬውን ሸጦ ነበር።

እኔ ከዓመታት በኋላ የመድኃኒት ምርምር ተምሬ ቦስተን ከተማ ሥራ ያዝኩ። የገባሁበት ድርጅት ለጀማሪ የመድኃኒት ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሰጥ ነው። ገንዘቡ ቬንቸር ካፒታል ይባላል። ለሰሊጥ ነጋዴ ማስረዳት ቀላል ነው። ዝናብ ሳይጥል መተማ ወርዳችሁ ለአሥር ገበሬዎች ቀብድ ሰጣችሁ እንበል። የሰባቱን ጎርፍ ወሰደው፤ ሁለቱ የሰጣችኋቸውን ብቻ መለሱ፤ የአንዱ ማሳ ግን ያዘና መጋዘናችሁን ሞላው። የቬንቸር ካፒታል ባለቤት የሚኖረው በዚያ በአንዱ ነው። ገንዘቡ ብድር አይደለም፤ የቤት ካርታ በመያዣነት አይጠይቅም፤ የከሰረውን አያሳድድም። ከኩባንያው ድርሻ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ዓመት ውስጥ ኩባንያው ተሸጦ ወይም አክሲዮኑ ገበያ ወጥቶ ትርፉ ለባለገንዘቦቹ መድረስ አለበት።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ይህ ገንዘብ ከሚፈልጋቸው መካከል ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዙ በሽታዎች ይገኙበታል። ይህን ስትሰሙ ትገረማላችሁ፤ እኔም ተገርሜ ነበር። ለጥቂት ሕሙማን ማን ገንዘቡን ያፈሳል? ምክንያቱ ሕግ ነው። አሜሪካኖች በ1983 እ.ኤ.አ. አሳዳጊ ላጡ መድኃኒቶች ሕግ አወጡ። በአገራቸው ከ200,000 ያነሰ ሰው ለሚይዝ በሽታ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ ሰባት ዓመት ብቻውን ይሸጣል፤ የግብር ቅናሽም አለው። ከሕጉ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ለእነዚህ በሽታዎች የወጡት መድኃኒቶች ከአሥር አይበልጡም ነበር። ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። በዘር በሚመጣ የነርቭ በሽታ ምክንያት አንገታቸውን ቀና ማድረግ ለሚያቅታቸው ሕፃናት አንድ ጊዜ የሚሰጥ የዘረ መል ሕክምና ተገኝቷል። ሕክምናውን ያጎለበተውን አቬክሲስ የተባለ ጀማሪ ኩባንያ ትልቁ የመድኃኒት ኩባንያ ኖቫርቲስ በ2018 እ.ኤ.አ. በ8.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የአንዱ ሕፃን ሕክምና ዋጋ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ወጣ። ሕፃናቱ በመትረፋቸው ደስ ይለኛል፤ በእነርሱ አልቀናም። ገንዘብ ግን አዝኖ እንደማይመጣ፣ መንገድ ሲጠረግለት እንደሚመጣ ያወቅሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን በስብሰባ ላይ የካላዛርን ነገር አነሣሁ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ50,000 እስከ 90,000 ሰው አዲስ ይያዛል ብዬ የዓለም ጤና ድርጅትን ግምት አቀረብኩ። ሰብሳቢው በጨዋነት ሰማኝና «ከእነዚህ ውስጥ የሚከፍለው ስንት ነው?» አለኝ። ያ ስብሰባ አራት ደቂቃ እንኳ ለካላዛር አልሰጠም።

ከዚያ ኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. መጣ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሁለት ዜና አነበብኩ፤ የዛሬው ንግግሬ ሥሩ እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ይህ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ አውጥቶ ነበር። የድሃ አገሮችን በሽታ የሚያክም መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ላስጸደቀ ኩባንያ የቅድሚያ ኩፖን ይሰጣል፤ ኩፖኑን የያዘ ሌላ መድኃኒቱ ከወረፋው ቀድሞ ይታይለታል፤ ኩፖኑንም መሸጥ ይችላል። ሐሳቡ መልካም ነው። በ2014 አንድ የካናዳ ኩባንያ፣ ናይት ቴራፒዩቲክስ፣ ሚልቴፎሲንን አሜሪካ ውስጥ አስጸደቀ። ያንኑ ሚልቴፎሲን! በሕንድ ከጸደቀ አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈውን፣ ሁመራ ላይ የተሞከረውን! ኩፖኑን ተቀበለ፤ ኅዳር ላይም ጊልያድ ለተባለ የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው።

ኩባንያው ሕግ አልጣሰም። የሚያንገበግበኝም ይህ ነው። ሕጉ መድኃኒቱ ለዓለም አዲስ ይሁን አላለም፤ ኩፖን የወሰደ ሰው መድኃኒቱን ለሕሙማን በሚችሉት ዋጋ ያድርስ ብሎም አላስገደደም። የቢሃር ገበሬ ሰውነቱን ሰጠ፤ ሁመራ ላይ የሰሊጥ አጫጁ ሰውነቱን ሰጠ፤ በስተመጨረሻ አንድ ወረቀት 125 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ የእነርሱ ድርሻ በየትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም። አንድ ብር! አንድ ሳንቲም! ስማቸው ባይጠራ እንኳ አገራቸው፣ ሆስፒታላቸው፣ ያስታመማቸው ክፍል እንደ ባለድርሻ መቆጠር አልነበረበትም? ደማችን ዋጋ የሌለው ማን ፈርዶብን ነው?

ሁለተኛው ዜና ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳንባን የሚዘጋ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ አለ። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሕሙማን 30,000 ገደማ ናቸው። ወላጆች በ1955 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ማኅበሩ በ2000 እ.ኤ.አ. ግድም ተመራማሪን በመለመን ፈንታ ራሱ ለአንድ ጀማሪ ኩባንያ ቀብድ ሰጠ፤ እየጨመረ ሄዶ በጠቅላላው ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሲሰጥ ግን ውል አስጽፎ ነበር፤ መድኃኒት ከተገኘ ከሽያጩ ድርሻ አለኝ ብሎ። መድኃኒቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። በዚያው ኅዳር 2014 ማኅበሩ ድርሻውን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር መሸጡ ተሰማ፤ ገንዘቡንም ለቀጣይ ምርምር እንደሚያውለው አስታወቀ።

በአንድ ወር ውስጥ! አንዱ ሕዝብ ውል ስላልነበረው ባዶ እጁን ቀረ፤ ሌላው ውል ስለነበረው በበሽታው ላይ የሚዘምትበት ሀብት አገኘ። የቦስተን ሥራዬን የተውኩት ወዲያው አይደለም፤ ልቤ ግን በዚያ ወር ወደ ጎንደር ተመልሷል።

በከተራው ዕለት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ስንወርድ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ነጋዴ «ልጄ፣ ይህ ነገርሽ ንግድ ነው ወይስ ጽድቅ?» አሉኝ። አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ አሥር መድኃኒቶች ለመጽደቅ የሚበቃው አንድ ያህል ነው። ገንዘብዎ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ተጀምረው ብረታቸው ወደ ሰማይ እንደቆመ የቀሩትን ፎቆች እስኪ ይቁጠሩልኝ! በእነርሱስ ስንት ገንዘብ ጠፋ? እንግዳ በራቀበት ዘመን ስንት የሆቴል ክፍል ተዘግቶ ያድራል? ሁላችንም አንድ ዓይነት ፎቅ ስንሠራ ማንም «ይህ ንግድ ነው ወይስ ጽድቅ» ብሎ አልጠየቀንም። የሰሊጣችንን ማሳ የሚያጭደው ያ የበለሳ ልጅ ነው። መጋዘናችን የሞላው በእርሱ እጅ ነው። ቀብድ መስጠት እናውቃለን፤ ለእርሱ ግን ሰጥተን አናውቅም!

ጎንደር ላይ አዲስ መድኃኒት እንፈልስፍ አላልኩም። መነሻችን መመርመሪያው ነው። ያንን የጣፊያ መርፌ የሚያስቀር፣ በእኛ ሰው ደም ላይ የሚያስተማምን መመርመሪያ ከመድኃኒት ባነሰ ገንዘብና ጊዜ ይሠራል። ናሙናው እኛ ዘንድ ነው፤ ባለሙያው እኛ ዘንድ ነው። መብራት ሲጠፋ የማይቀልጥ ማቀዝቀዣ፣ ለሁለት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ደመወዝ፣ አንድ ብቁ ጠበቃ፤ የመጀመሪያው ቀብድ ለዚህ ነው። ከውጭ ኩባንያ መጥቶ በናሙናችን መሥራት ሲፈልግ በሕጋችን መሠረት እናስተናግደዋለን፤ ድርሻችን ግን አስቀድሞ በውል ይሰፍራል።

የእኛ ሐኪሞች ለዚህ ብቁ መሆናቸውን ዓለም አይቷል። ሚልቴፎሲንን ፓሮሞማይሲን ከተባለ የመርፌ መድኃኒት ጋር በ14 ቀን የሚሰጠው ሕክምና ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጎንደር ከተሞከረባቸው ማዕከላት አንዷ ነበረች። ያን ሥራ ግን የደገፉት የበጎ አድራጎት ተቋማትና መንግሥታት ናቸው፤ እነርሱ እጃቸውን የሰበሰቡ ዕለት ምን እንይዛለን?

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። በአዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ውሎ አድሮ የእኛም ድርሻ የሚሸጥበት መንገድ ይኖራል ብዬ አምናለሁ። በዘር የሚመጣ በሽታ ይዟቸው ስሙ እንኳ ሳይታወቅ የሚሞቱ ልጆችም እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ፤ ስለ እነርሱ የሕፃናት ሐኪሞቻችን ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ።

እኔ አዘዞ በወረስኩት ቦታ ላይ ልሠራበት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለዚህ አውዬዋለሁ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስሜ አንደኛው መስመር ላይ ሰፍሯል። ረቂቅ ውሉን የጻፉት ጠበቃ እዚያው ተቀምጠዋል፤ አንቀጽ በአንቀጽ ጠይቋቸው፣ ያልጣማችሁን ተከራከሩ። አሁን ከእኔ ቀጥለው የላቦራቶሪ ባለሙያው ያንን መርፌ ይዘው ወጥተው ያሳዩዋችኋል። እባካችሁ ሳትነሡ ተመልከቱት።