ብቻችሁን የማታነሡትን ሞተር አትግዙ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከምትልኩልኝ መልእክቶች የሚበዙት አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ሩቅና አስቸጋሪ መንገድ ለመጓዝ የትኛውን ሞተር ሳይክል ልግዛ?» ጥያቄው የእኔም ነው። ለአዲስ ሞተር ብዬ ያጠራቀምሁት ገንዘብ አለ፤ ምን ላይ ላውለው እያልሁ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜያለሁ። ዛሬ እናንተም ስሙልኝና ፍረዱ።

ሞተር ስመርጥ ከሞተሩ አልጀምርም። መጀመሪያ መንገዱን፣ ከመንገዱም የከፋውን ቦታ አስባለሁ። ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ አምባ ላይ አልፎ፣ የሐረናን ጫካ ሰንጥቆ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከአጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ሲሆን መንገዱ እስከ ጫፉ ያወጣል። እዚያ ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ሞተሩም ያለከልካል። ከአምባው ጫፍ ቁልቁል ሲወርዱ ጭጋግና የጫካ ጭቃ ይቀበላል። ደሎ መና ሲደርሱ ደግሞ የቆላ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀን ውስጥ አንዲት ሩብ ሰዓት ናት፦ ሐረና ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሰው በሌለበት ሞተሩ ጭቃው ላይ የሚጋደምባት ሩብ ሰዓት።

የጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ነዳጁ ሞልቶ 249 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ድንቅ ማሽን ነው፤ አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ቢነዱት አይሰለችም። ቀላል ነው ተብሎ የሚወደሰው የያማሃው ቴኔሬ 700 እንኳ ከ200 ኪሎ ያልፋል። በዚህ ላይ ሻንጣው፣ ውኃው፣ ድንኳኑ አለ። አሁን ያንን ሐረና ጭቃ ውስጥ አጋድሙትና ብቻችሁን ቁሙ። ሞተር ደግሞ ሲወድቅ ቦታ አይመርጥም፤ ጎማው ወደ ላይ፣ መሪው ወደ ገደሉ ሆኖ ሊተኛ ይችላል።

አነሣሡ ጥበብ አለው። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ አስቀድማችሁ የጎን ማቆሚያውን ዘርጉ፤ እንዳይንሸራተት ማርሽ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ጀርባችሁን ለመቀመጫው ሰጥታችሁ መሪውን ወደ ራሳችሁ እስኪያበቃ አዙሩና ጫፉን በአንድ እጅ፣ የኋላውን ብረት በሌላው እጅ ጨብጡ። ወገባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በእግራችሁ ጉልበት ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተራመዱ። በዚህ ዘዴ ቀጭን ሰው ከባድ ሞተር ሲያነሣ አይቻለሁ። ግን በመጀመሪያው ውድቀት ነው። በሦስተኛው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ በሆነበት አምባ ላይ፣ ትንፋሹ ራሱ አይበቃም። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሞተሩን መሬት ላይ አስተኝቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

በዚህች አገር የጀብዱ ጉዞ ሊቃውንት እነማን ናቸው ብትሉኝ፣ የክትባት ሣጥን ጭነው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩት የጤና ባለሙያዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የግብርና ሠራተኞች ናቸው እላለሁ። ብዙዎቹ የሚነዱት 100 ወይም 125 ሲሲ ሞተር ነው። ያማሃ ኤጂ 100ን አንድ ቀን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የተሠራው የአውስትራሊያንና የኒው ዚላንድን ገበሬዎች አስቦ ነው። ሰንሰለቱ አፈር እንዳይገባበት በሽፋን ውስጥ ነው። የጎን ማቆሚያው በግራም በቀኝም አለ፤ ተዳፋት ላይ ሞተር ለማቆም የታገለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹ መከላከያ ብረት አላቸው፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው። ሌሎች ለትልልቆቹ ሞተሮች በተጨማሪ ገንዘብ የሚገዙትን ዕቃ ይህች ትንሽ ሞተር ከፋብሪካ ይዛው ትወጣለች። ዕቃ አሳሰራቸውንም ተመልከቱ። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ነው የሚጠቀሙት። ዕቃው በጉድጓድ ሲንገጫገጭ ላስቲኩ አብሮ ይለጠጥና መልሶ ይጠብቃል፤ ገመድ ግን አንዴ ከላላ ላላ ነው። የኔ ሻንጣዎች የጭነት መኪና ሸራ ከሚሰፋ ሰው ዘንድ የተሰፉ ናቸው፤ የሚታሰሩትም በዚሁ ላስቲክ ነው። የብረት ሣጥን አልወድም። ሲወድቁ እግር ከሥሩ ይገባል፣ አጥንትም ይሰብራል።

ወደ ሞተሩ ልብ እንግባ። አየር በሳሳ ቁጥር ሞተር ይደክማል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሳነቴ ላይ 10 እንኳ ላይሞላ ይችላል ማለት ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበታል። ይህን የምትነግራችሁ ነዳጁን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ካንዴላ ናት። ፈትታችሁ ጫፏን ተመልከቱ፤ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነች ደኅና ናት፣ ጥላሸት ከለበሰች ነዳጅ በዝቷል፣ ከነጣች ነዳጅ አንሷል፤ ያም ሞተር ያቃጥላል። መፍትሔው ነዳጅ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ናስ በጠበበች መቀየር ነው፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ነገር ግን ጠባቧን እንደ ገጠማችሁ ቆላ ከወረዳችሁ ካንዴላዋ ትነጣለች፤ ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ።

በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨው አዲሱ ዓይነት ይህን ሁሉ ራሱ ያስተካክላል፤ ከፍታው አያሳስበውም። ታዲያ ለምን በአሮጌው እጸናለሁ? ባትሪ ሲሞት የነዳጅ ፓምፑም ይሞታል፤ ብትገፉትም አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። ካርቡራተር ያለውና በእግር ተረግጦ የሚነሣ ሞተር ግን ያለ ባትሪም የሚሠራ ብዙ አለ። ብልሽቱንም የትኛውም ወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ያገኘዋል። እዚያ ከተማ መመርመሪያ ኮምፒውተር መኖሩን ማን ያረጋግጥልኛል? የምትሄዱበት አገር ጋራዥ የሚያውቀውን ሞተር ግዙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መለዋወጫውን ጠይቁ፤ ሦስት ሱቅ ዞራችሁ የፍሪሲዮን ሽቦና የፍሬን ሸራ ካላገኛችሁ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ስለ ጎማ ብዙ ሰው ስለ ጥርሱ ብቻ ይጨነቃል። ዕድሜውን እዩ። ከጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተመረተው በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማነቱ ደርቋል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ይከዳል። ከመነዳሪ ያለበትንና ቸርኬው በሽቦ የተወጠረውን እመርጣለሁ፤ ጎሚስታ የሌለበት ከተማ የለም፣ የተጣመመ ቸርኬም ይቃናል። ትርፍ ስትይዙ ደግሞ የፊቱን ከመነዳሪ ያዙ። ቀጭኑ የፊት ከመነዳሪ ለጊዜው ከኋላ ጎማ ውስጥ ይገባል፤ የኋላው ወፍራም ግን ከፊት አይገባም።

ክረምት የምትነዱ ከሆነ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ አትርሱ። የበቾ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ሲርስ ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ፓራፋንጎው ለጎማው የቀረበ ከሆነ ጭቃው በመካከላቸው ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። በጣት ሲያወጡት እንደገና ይሞላል። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ፓራፋንጎ ይህን ያስቀራል። ለዳገት ደግሞ የፊቱን የሰንሰለት ማዞሪያ የጥርስ ብዛት ከ15 ወደ 14 ማውረድ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አሁን ወደ ሰውነታችን። ከልቤ የምቆረቆርለት ጉዳይ ይህ ነው። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሞተር ላይ በስኒከር የተቀመጠ ሰው ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

ኡበር ኦሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የፓሪስ–ዳካርን ውድድር በ1981 እና በ1983 በቢኤምደብሊው ሞተር አሸነፈ፤ በ1992 ደግሞ በመኪና አሸንፎ ውድድሩን በሁለቱም ዓይነት ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1987 ግን ሲመራ ቆይቶ፣ ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እንደዚያ ሆኖ እስከ ዕለቱ መድረሻ ነዳ። ድሉ ግን ለሲሪል ኔቮ ሆነ። የውድድር ጫማ ያደረገ፣ በዚያ ዘመን ከዓለም ምርጦች አንዱ የነበረ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በሸራ ጫማ የምንነዳው ምን እንሆናለን? የሞተር እግር መርገጫና ድንጋይ መካከል የሚገባው ቁርጭምጭሚት ነው። ጥሩ ጫማ እስከ ቅልጥም ይደርሳል፣ ሶሉ በእጅ ሲጠመዝዙት አይታዘዝም፣ ቁርጭምጭሚት ወደ ጎን እንዲታጠፍ አይፈቅድም፣ ከቆዳ ማሠሪያ ይልቅ መቆለፊያ አለው። ሲገዙት ይከብዳል፤ ማርሽ መቀየሩም ለጥቂት ቀናት ያስቸግራል። ልመዱት።

ሄልሜትን በተመለከተ፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ግምገማ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን እውነተኛ ሄልሜት ሲሆን ነው። ከኋላው የተለጠፈችን፣ የአሜሪካን ደረጃ አሟልቷል የምትለውን የዲኦቲ ተለጣፊ ማንም ያትማታል። በአገጭ ማሠሪያው ላይ የተሰፋውን ምልክት ፈልጉ፤ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ከሥሩም በ05 ወይም በአዲሱ 06 የሚጀምር ቁጥር ይኖራል። ያ ማለት ከመሸጡ በፊት በአውሮፓው ደረጃ ተፈትኗል ማለት ነው። ያገለገለ ሄልሜት ከሰው አትግዙ። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ተመትቶ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከውጭም አይታይም።

ጃኬት ላይ ብዙ አልቆይም። አየር የሚያስገባ ሆኖ ከላዩ የሚደረብ የዝናብ ልብስ፣ ከሥሩ የሚለበስ ሹራብ ይኑራችሁ፤ ሳነቴንና ደሎ መናን በአንድ ወፍራም ጃኬት መጓዝ አይቻልም። የክርንና የትከሻ መከላከያውን አውጥታችሁ ደረጃውን አንብቡ። ደረጃ 1 ከምቱ በአማካይ እስከ 35 ኪሎ ኒውተን ወደ ሰውነት ያሳልፋል፣ ደረጃ 2 ግን ከ20 አያልፍም።

እንግዲህ ወደ ገንዘቤ። አዲስ ሞተር አልገዛም። አሮጌዋ ያማሃዬ 125 ናት፤ ብቻዬን አነሣታለሁ፣ ጎባም ያለ መካኒክ ያውቃታል። የጎደላት የኋላ አሞርዛተር ነው፤ እሱን እቀይራለሁ፣ ቸርኬዎቹንም አስወጥራለሁ። ከዚህ በፊት ግን ጫማው ይቀድማል። ዱባይ ለምትኖረው እኅቴ የእግሬን ዙሪያ በወፍራም ካልሲ ሆኜ ወረቀት ላይ ነድፌ በሴንቲ ሜትር ለክቼ ልኬላታለሁ፤ የጫማ ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ቁጥር ብቻ አትላኩ። ሄልሜቱን ግን ሳልለካው አላስመጣም። ጉንጬን ጥብቅ አድርጎ መያዙን፣ ራሴን ሳወዛውዝ ለብቻው አለመዞሩን፣ ግማሽ ሰዓት አድርጌው ግንባሬ ላይ አለመጫኑን በራሴ ካላየሁ ገንዘብ አላወጣም። እስኪገኝ ድረስ ሳነቴ ይቆየኛል።

እናንተ ስለምትነዱት ሞተርና ስለምትሄዱበት መንገድ ጻፉልኝ፤ በተለይ ክፍለ አገር ሆናችሁ ለሥራ የምትነዱ። ሰላም ሁኑ።