ሐረጎን የሚያወርድ መንጃ ፈቃድ

(በኮምቦልቻ ለጭነት መኪና ሠልጣኞች፣ ለረዳቶችና ለመኪና ባለንብረቶች የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም! እንደምን አረፈዳችሁ!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የመኪና ባለንብረቶች፣ አሠልጣኞች፣ ከደሴ ወርዳችሁ፣ ከባቲና ከሐይቅ መጥታችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁ ወጣቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁት ረዳቶች ደግሞ ወደፊት ኑ፤ ወንበር አለ። የዛሬው ጉዳይ ከማንም በላይ የእናንተ ነው።

የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ እንድነግራችሁ ተጠርቻለሁ። እነግራችኋለሁ። ግን ወረቀቱን መያዝና ጭነት ይዞ ሐረጎን፣ ያንን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ መውረድ በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። በሁለቱ መካከል ጊዜ አለ። ዛሬ አጥብቄ መናገር የምፈልገው ስለዚያ ጊዜ ነው።

ኮምቦልቻ የሹፌር አገር ናት። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብ ዕቃ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣው በዚህ በኩል ነበር። በኤንትሬ፣ በዚያ በድሮው የጣሊያን ጭነት መኪና ዘመን በዚያ መንገድ የተመላለሱ አባቶች ዛሬም በዚህ ከተማ አሉ፤ አንዳንዶቹም እዚህ ተቀምጠዋል፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ፊታችን ወደ ጅቡቲ ዞረ። እስከ ሚሌ ያለው መንገድ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ጨርቃ ጨርቁና ቢራ ፋብሪካው አሉ። ይህ ሁሉ ዕቃ በሰው ጀርባ አይሄድም። ሥራው አለ። ሥራውን የሚመጥን ሹፌር ነው የሚፈለገው።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ድሮ «አምስተኛ መንጃ ፈቃድ አለው» ሲባል ሰው ዞር ብሎ ያይ ነበር። ዛሬ አጠራሩ ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃዱ በዓይነት ተከፍሏል፤ ሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እየተባለ። በየዓይነቱ ውስጥ ደግሞ ደረጃ አለ። ደረቅ ጭነት ከትንሹ የጭነት መኪና ተነስቶ እስከ ባለ ተሳቢው ይደርሳል። ቦቴ መያዝ የሚፈልግ ፈሳሽ ጭነት ያወጣል። ደረጃው ከፍ ሲል የሚጠየቀው ነገርም ከፍ ይላል። ዕድሜውን፣ የትምህርት ደረጃውንና የሥራ ልምዱን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ከደላላ አትስሙ። ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሄዳችሁ፣ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በዓይናችሁ አንብቡ። የማይገባችሁን መስኮቱ ላይ ጠይቁ። ደላላ የሚነግራችሁ ለእሱ የሚበጀውን ነው።

ከዚያ የጤና ምርመራ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዓይኑ የደከመ ልጅ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች ከጓደኛው ሸምድዶ ይገባል። ይህን ደጋግመን አይተናል። ልጄ፣ መነጽር አድርጎ መንዳት ነውር የለውም። ፈቃዱም ላይ «በመነጽር» ተብሎ ይጻፍልሃል፣ ትነዳለህ፣ እንጀራህን ትበላለህ። ፊደሉን የሸመደደ ሰው ግን ማታ ከሐርቡ ሲመጣ መብራት የሌለው ጋሪ ከፊቱ ቢቆም ምን ያደርጋል? ጋሪውን የሚሸመድድለት ጓደኛ የለም።

ከጤናው ቀጥሎ ማሠልጠኛ ተቋም ትመዘገባላችሁ። ክፍል ውስጥ የትራፊክ ሕግና ምልክት፣ የመኪና አሠራር፣ የአሽከርካሪ ሥነ ምግባር ትማራላችሁ። ተግባሩን በመኪና ትለማመዳላችሁ። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ የተግባር ፈተና አለ። ሁለቱንም ያለፈ ፈቃዱን ይቀበላል። የጽሑፉን ብዙ አላስረዝምም፤ መጽሐፉን ያነበበ ያልፋል። ተግባሩ ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

ለሥልጠና ሰዓት ከፍላችኋል። ያ ሰዓት የእናንተ ነው። መሪውን ይዛችሁ የምትውሉበት ነው እንጂ ተራ ስትጠብቁ ጥላ ሥር የምትቀመጡበት አይደለም። መዝገቡ ላይ ያልነዳችሁትን ሰዓት ነዳሁ ብላችሁ አትፈርሙ። ብትፈርሙ የተሰረቀው የእናንተ ችሎታ ነው። አሠልጣኞች፣ ይህን ስል እናንተን ለመንካት አይደለም። አብዛኞቻችሁ ሌት ተቀን የምትደክሙ ሰዎች ናችሁ። ግን አንድ መኪና ለስንት ሰው እንደሚዳረስ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተማሪው ሲጠይቅ አትቆጡት።

ተሳቢ ወደ ኋላ መመለስን እንውሰድ። ከጎታቹ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ የሚታጠፈው ተሳቢ፣ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩት ቂጡ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አእምሮ መጀመሪያ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ በቀስታ፣ ትንሽ አዙሮ፣ በሁለቱም ስፖኪዮ እያዩ መጠበቅ ነው። ከተበላሸ ወደ ፊት ሄዶ አስተካክሎ እንደገና መጀመር። በዘንግ የሚጎተተው፣ የራሱ የፊት እግር ያለው ተሳቢ ደግሞ በሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ከዚያም ይከብዳል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ቁሙ፣ ከጋቢና ውረዱ፣ ኋላችሁን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። መውረድ የሚያሳፍረው ሹፌር ግድግዳ ያፈርሳል፤ ክፋቱ ሲመጣ ደግሞ ሕፃን ይገጫል።

አሁን ወደ ሐረጎ እንሂድ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ከፍታ በዚህች አጭር መንገድ ነው የምንወርደው፣ ያውም በጥምዝምዝ። ፍሬን የሚፈተነው እዚህ ነው።

ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለት ላይ በእግር ፍሬን ብቻ ከተያዘ ምን ይሆናል? የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ሲፋተጉ ይግላሉ። ግለቱ ሲበዛ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። እግራችሁ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይሰማም። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ጭሱ። ያኔ ማርሽ ልቀይር ብትሉ ፍጥነቱ ስለጨመረ ማርሹ አይገባም። መኪናው ፎሌ ላይ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በዚያ መንገድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚሠራው አናት ላይ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ቀንሱ። ሳይጀምር ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ዝቅተኛውን፣ አስገቡ። አባቶቻችን ያስተማሩን ልክ አለ፤ ይህን ዳገት ልወጣው ብል የምይዘውን ማርሽ፣ ወይም ከእሱ አንድ ዝቅ ያለውን፣ ለመውረድም እይዛለሁ ማለት ነው። ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። የሞተር ፍሬን ካለው ክፈቱት። የእግር ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን ቀንሱና ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። እግር ሳያነሱ ለረጅም ጊዜ ጫን ብሎ መቆየት ነው የሚያግለው። በየደቂቃው ቶሎ ቶሎ መርገጥም ፍሬኑ የሚሠራበትን አየር ይጨርሰዋል፤ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር የወጣውን ያህል ቶሎ አይተካም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር አለ። የሚተርፈው ነዳጅ ስንት ብር ነው? ከኋላው ያለው ጭነት፣ ከፊቱ ያለው የሕዝብ መኪና ስንት ነው?

ጠዋት መኪና ሳይነሳ የሚደረገውም የፈተናው አካል ነው፣ ፈታኝ ቢጠይቃችሁም ባይጠይቃችሁም። የአየሩን ጌጅ አይታችሁ እስኪሞላ ጠብቁ። ከሞላ በኋላ ሞተሩን አጥፉና ፍሬኑን ረግጣችሁ ያዙ። ጆሯችሁን ስጡት። የሚተነፍስ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ጌጁ መጀመሪያ ትንሽ ከወረደ በኋላም መውረዱን ካላቆመ፣ ያ መኪና አይነሳም። የአየር ጋኖቹን ውኃ አፍስሱ። በመንታዎቹ የኋላ ጎማዎች መካከል ድንጋይ ተሰንቅሮ እንዳይሆን ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አፋር በረሃ ላይ ሲፈነጠር ከኋላ የሚመጣውን መስታወት ይሰብራል። የተሳቢውን ማያያዣ ፒንና መቆለፊያውን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። በዓይን ማየት ብቻ አይበቃም። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ረዳቶች፣ አሁን ለእናንተ ነው። ይህን የነገርኳችሁን ግማሹን ከብዙ ሠልጣኝ በላይ ታውቁታላችሁ። ጎማ የምትፈቱት፣ ሸራ የምትወጥሩት፣ ታኮ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ይህ እውቀት ትልቅ ሀብት ነው። ግን ማታ ሜዳው ላይ፣ ከሚሌ ወዲያ፣ ሹፌሩ ሲደክመው «እስኪ ያዝልኝ» የሚላችሁን እንቢ በሉ። ፈቃድ የሌለው ሰው መሪ ሲይዝ ወንጀል ነው። አደጋ ቢደርስ የምትታሰሩት እናንተ ናችሁ፣ ባለንብረቱም ኢንሹራንሱ ላይ መከራውን ያያል። ይልቅ ሹፌሩን እንዲህ በሉት፦ «ጋሼ፣ ዳር እናቁምና ተኛ፤ እኔ እጠብቃለሁ።» በምርቃና ድካም ተሸንፏል የሚል ሰው አለ። ጫቱ እንቅልፉን ለጊዜው ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሲመለስ መሪ ላይ ነው የሚመለሰው። ለእናንተ ያለው መንገድ ተመዝግቦ፣ ተምሮ፣ ተፈትኖ ፈቃዱን መያዝ ነው። ከሁሉም በፊት እናንተ ትደርሱበታላችሁ።

ወረቀት በገንዘብ ስለማውጣት ብዙ አልናገርም። የምታውቁት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የገዛ ሰው ሌላውን አላታለለም፤ የፍሬን ጭስ ሲሸተው ምን እንደሚያደርግ የማያውቀው ራሱ ነው። ያንን ሰው ደግሞ ከፊት ለፊት የምናገኘው እኛ ነን፣ ልጆቻችንን ጭነን።

የመኪና ባለንብረቶች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትናንት ፈቃድ ያወጣን ልጅ ዛሬ ተሳቢ አስይዛችሁ ብቻውን አትላኩት። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ከነባር ሹፌር ጋር ይሂድ። መጀመሪያ ባዶውን ይውጣ፣ ባዶውን ይውረድ። ቀጥሎ በግማሽ ጭነት። ነባሩ ሹፌር ጎኑ ተቀምጦ «አሁን ማርሽ ያዝ፣ አሁን ልቀቅ» ይበለው። ለነባሩ አበል ትከፍላላችሁ፣ አውቃለሁ። አንድ የተገለበጠ መኪና ከዚያ ስንት እጥፍ እንደሚያስከፍላችሁ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ዋጋ ያልወጣለትን ነፍስ ሳንቆጥር። በሰዓት ድረስ እያላችሁም አታጣድፉት። ወደብ ላይ የቆየ ዕቃ ቅጣት አለው፣ ልክ ነው፤ ቅጣቱ ይከፈላል።

አባቶች፣ እናንተም ጡረታ ወጣን ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ ጊዜ ሐረጎን ውረዱ። መጽሐፍ ላይ የሌለውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ የትኛው ኩርባ ጉም እንደሚይዝ፣ ክረምት ላይ የትኛው ጋ ጭቃ ወደ አስፋልቱ እንደሚወርድ፣ ከብት የሚሻገረው የት እንደሆነ።

ሴቶች እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ ጥቂቶች እንደመጣችሁ አያለሁ። ዛሬ መሪው በጡንቻ አይዞርም፣ ኃይል ሰጪ አለው። ማርሹ እንደ ኤንትሬ ዘመን አያታግልም። አዋጁም ወንድ ሴት ብሎ አይለይም። የሚፈለገው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው። «ለሴት አይሆንም» የሚላችሁን ሰው ተዉት፣ ተመዝገቡ። አብሽሩ፣ ከጎናችሁ ነን።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፣ ምክንያቱም ሥራው ውጭ ይጠብቀናል። ግቢው ውስጥ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ቆሟል። አየሩ ወጥቷል፣ አንድ የላላ ነገርም ሆን ተብሎ ተትቶበታል። አምስት አምስት እየሆናችሁ ትዞሩታላችሁ፣ የላላውን ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፣ አየሩን ሞልታችሁ ፍሬኑን ትፈትሻላችሁ። ነባር ሹፌሮች በየቡድኑ ይመደባሉ። እነሱ መልስ አይሰጧችሁም፣ ይጠይቋችኋል። የሴቶቹ ቡድን ይጀምር፤ ከእነሱ ቀጥሎ ረዳቶች። ቱታ ያላችሁ ልበሱ፣ እጅ መቆሸሹ አይቀርም። አመሰግናለሁ።