ያልተነካው ድስት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ አንዲት ሰዓት ነው። ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ አስተናጋጆቹ ወንበር ጠረጴዛ ላይ መስቀል ሲጀምሩ ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት። ኩሽና ውስጥ ግማሽ ድስት ሩዝ አለ። ከእሱ ጎን ሾርባ አለ። ማንም ያልነካው አንድ ትሪ የተጠበሰ አትክልትም አለ። ነገ አይሸጥም። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ራት ያልበላ ሰው አለ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በእግር ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። ታዲያ ለምን አይገናኙም?

«ሰው ጨካኝ ሆኖ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። መስጠት የሚፈልግ ባለ ምግብ ቤት ብዙ ነው፤ ማመላለስ የሚፈልግ ወጣትም እንደዚያው። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሦስት ተራ ነገሮች ነው፦ ቴርሞሜትር የለም፣ ሰፊ ትሪ የለም፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው የለም።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ያወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደተጣለ ይገምታል። ልጣጩም አጥንቱም ተቆጥሮ ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የቤት ነው፤ 28 በመቶው ከምግብ ቤትና ምግብ አዘጋጅቶ ከሚያቀርብ ሁሉ የወጣ ነው። ከሩብ በላይ መሆኑ ነው።

እሺ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ትርፍ ምግብና ትራፊ አንድ አይደሉም። ትርፍ የምለው ከድስት ወጥቶ ሰው ፊት ያልቀረበውን ነው። ትራፊ ሳህን ላይ የቀረው ነው፣ ሹካም እጅም የነካው። ለሌላ ሰው የሚሄደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ትራፊውን የበላው ሰው ራሱ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይውሰደው። ቡፌ በሁለቱ መሃል ያለ ነገር ነው፤ ሰው ሲጨልፍበት፣ ሲያወራበት፣ ሲያስልበት ያመሸ ትሪ ነው። እኔ ብሆን የቡፌውን ትሪ ትቼ ኩሽና ውስጥ ተሸፍኖ የቆየውን ምትክ ትሪ ነው የምወስደው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሙቀት።

ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ክልል ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። ሁኔታው ሲመቻቸው ብዙዎቹ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። አስቡት፣ በ20 ደቂቃ እጥፍ ማለት አንዷ በሦስት ሰዓት 512 ትሆናለች፤ በሰባት ሰዓት ሁለት ሚሊዮን ታልፋለች። ስለዚህ የበሰለ ምግብ በክፍሉ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ። ሁለቱ ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው እናንተ ከደረሳችሁበት አይደለም፤ ከእሳት ከወረደበት ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በጎ ፈቃደኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ይደርስና «አሁን ነው የተቀበልኩት» ይላል፤ ምግቡ ግን ከ2 ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ታዲያ መልሰን ብናፈላው አይሞትም?» የሚል ጥያቄ ሁሌም አለ። ባክቴሪያው ይሞታል። አንዳንዱ ትቶት የሄደው መርዝ ግን አይሞትም። ሩዝን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ (ስፖር የሚሉት፣ የተኛው ባክቴሪያ) ደረቁ ሩዝ ላይ ይገኛል፤ ሲቀቀልም አይጠፋም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃና የሚያስመልስ መርዝ ይሠራል። ያ መርዝ ሲፈላ አይበላሽም። ሩዙ ትኩስ ነው፣ ይጨሳል፣ ሽታውም ጣዕሙም ደህና ነው። የበላው ሰው ግን ከትንሽ ሰዓታት በኋላ ማስመለስ ይጀምራል። ከእጅና ከአፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያም እንደዚሁ ነው፤ የሱንም መርዝ ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ «ቀምሼዋለሁ፣ ምንም አይልም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ትልቅ ድስት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ አየር አይወድም። ሥጋ ያለበት ወፍራም ሾርባ ሲፈላ ውስጡ የነበረው አየር ይወጣል። ከዚያ ድስቱ ክዳን ተደርጎበት ቀስ ብሎ ሲበርድ፣ መሃሉ ለረጅም ሰዓት ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆያል። ይህ ባክቴሪያ በፍጥነት የሚባዛው ልክ እዚያ ላይ ነው፤ እጥፍ ለመሆን አሥር ደቂቃም ላይፈጅበት ይችላል። ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ መክተት መፍትሔ ይመስላል፣ አይደለም። የ20 ሊትር ድስት ዳሩ ቀዝቅዞ መሃሉ ንጋት ድረስ ለብ ብሎ ሊያድር ይችላል። በዚያ ላይ አጠገቡ ያለውን ወተትና ሥጋ ያሞቃል።

ስለዚህ ኩሽና ውስጥ መጀመሪያ የሚወሰነው ነገር ይሄ ነው፦ ምግቡ የሚሄደው ትኩስ ሆኖ ነው ወይስ ቀዝቅዞ? ሦስተኛ ምርጫ የለም። ተቀባዩ ቅርብ ከሆነና አሁኑኑ የሚበላ ከሆነ፣ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳለ ይሂድ። ነገ የሚበላ ከሆነ ደግሞ በፍጥነት ይቀዝቅዝ። የባለሙያዎቹ ልክ እንዲህ ነው፦ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከ21 ወደ 5 ደግሞ በተከታዮቹ አራት ሰዓታት ውስጥ። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት የጠበበው አደገኛው ክፍል እሱ ስለሆነ ነው።

እንዴት ይደረጋል? ድስቱን ሰፊ ትሪ ላይ ገልብጡት፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዳያልፍ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 30 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ በዚያ ጥልቀት 7 ሊትር ተኩል ይይዛል፤ ስለዚህ 20 ሊትር ሾርባ ሦስት ትሪ ይፈልጋል። ትሪውን በረዶ ውኃ ያለበት ሌላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡና በየጊዜው አማስሉት። በረዶ ከሌለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፤ ጠርሙሱን ከላይ በደንብ አጥባችሁ ሾርባው ውስጥ ማስገባትም ይቻላል። ጠርሙሱን ግን እስከ አፉ ጥግ አትሙሉት፣ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ይሰነጠቃል። ሩዝ አይማሰልም፤ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ምግቡ ትኩስ እያለ ክዳን ግጥም አታድርጉበት፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ሙቀቱም ይታፈናል። ገርበብ ይበል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል።

ቴርሞሜትሩስ? ውድ መሆን የለበትም፣ ሹል ጫፍ ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ይበቃል። ግን እውነት መናገሩን አረጋግጡ። ብርጭቆ ሙሉ የተከሰከሰ በረዶ ላይ ትንሽ ውኃ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ጫፉን መሃል ላይ ያዙት፣ ብርጭቆውን አያስነኩት። ዜሮ ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ መፈተን እኔ አልመክርም፤ ከተማው ከፍታ ላይ ከሆነ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ ትክክለኛውን ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ብሎ መጣል ይመጣል። ሲለካም ጫፉ ምግቡ መሃል ይግባ እንጂ የድስቱን ታች አይንካ።

ቀጥሎ ጽሑፍ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና በማርከር ጻፉ፦ ምንድን ነው፣ መቼ ከእሳት ወረደ፣ ሲነሣ ስንት ዲግሪ ነበር፣ ውስጡ ምን አለ። በተለይ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ምግቡ በነፃ ቢመጣም አይስማማውም። ጽሑፉ ክዳኑ ላይ ብቻ አይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል። ጎኑ ላይ ለጥፉት።

ስለሚያነሣው ሰው አንድ ቃል። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ የነበረበት ሰው ከቆመለት በኋላም 48 ሰዓት ምግብ አይነካም። ጓንት እንደ ክታብ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ጓንት አድርጎ ስልክ ነክቶ፣ በር ከፍቶ፣ ዳቦ ማንሣት ባዶ እጅን ካለመታጠብ አይሻልም።

መንገድ ላይ ያለው ነገር አጭር ነው። ሙቀት የሚይዝ ቦርሳ የያዘውን ያቆያል እንጂ አያሞቅም፤ 50 ዲግሪ ሆኖ የገባ ምግብ 60 አይሆንም። ትኩሱንና ቀዝቃዛውን አትቀላቅሉ። የቀለም ባልዲ፣ ጥቁር ፌስታል፣ የሳሙና ጀሪካን፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ለምግብ አይሆንም።

ተቀባዩ ጋ ስትደርሱ ሌላ ዓይነት ችግር ይጠብቃችኋል። ማቀዝቀዣ የሌለው መጠለያ ከማታ 5 ሰዓት 40 ሊትር ሾርባ ሲመጣለት፣ ተቀብሎ ሊያበላሸው ነው ወይም ይሉኝታ ይዞት «እናመሰግናለን» ብሎ ጠዋት ሊደፋው ነው። እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ነገ ትቀሩበታላችሁ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስንት ሰው አላችሁ? ምድጃ አለ? ፍሪጁ ስንት ትሪ ይይዛል? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት? ምን አይበሉም? ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ኩሽናው ተመለሱ፤ ለአንድ ሰው ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሾርባ ብትይዙ አንድ ሊትር ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይሆናል። እዚያ የሚሞቅ ከሆነ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ፣ አንዴ ብቻ ይሙቅ፣ የተረፈው ይጣል። ፎቶ ደግሞ የምግቡን አንሡ፣ የሚበላውን ሰው አይደለም። ይሄን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

አንዳንዴ መልሱ «ምግብ ሞልቶናል፣ የጎደለን ጋዝ ነው» ይሆናል። እሱን መስማትም እርዳታ ነው። የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የተወለደው በእንዲህ ያለ ማዳመጥ ነው። ጆን ቫን ሄንግል የሚባል በጎ ፈቃደኛ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967፣ አሜሪካ አሪዞና ፊኒክስ ውስጥ፣ ልጆቿን ከሱፐርማርኬት የቆሻሻ ገንዳ በምታወጣው ምግብ ከምታሳድግ እናት ነው ሐሳቡን ያገኘው፤ ምግብ እንደ ገንዘብ የሚቀመጥበትና የሚወጣበት ቦታ ቢኖር ያለችው እሷ ናት።

የባለ ምግብ ቤቱን ፍርሃትም አልንቀውም። «ሰው ቢታመም እኔ ነኝ የምከሰሰው» ይላል፣ ልክ ነው። አንዳንድ አገሮች ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። አሜሪካ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ያወጣችው ሕግ በቅን ልቦና የሰጠውን ሰው ከተጠያቂነት ይከላከላል፣ ከባድ ቸልተኝነት ካለበት ግን አይሸፍነውም። ጣሊያንም በ2003 ያወጣችው ሕግ አላት። እናንተ ያላችሁበት አገር ሕጉ ምን እንደሚል ጠይቁ። ሕግ ኖረም አልኖረም ግን የሚያድነው ወረቀት አለ፦ ቀን፣ የምግቡ ስም፣ ሰዓት፣ ዲግሪ፣ ያስረከበው፣ የተረከበው። አንድ መስመር ነው፣ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

እኛ ተመጋቢዎችስ? በልክ እንዘዝ። በአንዴ ጠረጴዛ ከመሙላት ሁለት ሦስት ነገር አዝዞ፣ በልቶ፣ ካልበቃ መጨመር። ምግቡ ብዙ ከሆነ ደግሞ ሳትነኩት የሚተርፈውን በንጹሕ ማንኪያ ገና ከመጀመሪያው ለዩት፤ አስተናጋጁን ዕቃ የምትጠይቁትም ያኔ ነው። ቤት ስትገቡ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ በሦስት አራት ቀን ይበላ። ውጭ ላለው ሰው መስጠት ከፈለጋችሁ ግን፣ የኔ ሐሳብ፣ ያስተረፋችሁትን ከመስጠት አንድ ሳህን ጨምራችሁ አስጠቅልሉለት። መጀመሪያም ምን መብላት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ጥርሱን የሚያመው ሰው ደረቅ ዳቦ ምን ያደርግለታል?

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ዕቃው። ምግብ ቤቱ በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ዕቃ ከነክዳኑ ይሰጣል። ስድስቱ ይመለሳል፣ ከስድስቱም አራቱ ያለ ክዳን። በሦስተኛው ሳምንት ሼፉ የራሱን ሰላጣ የሚያስቀምጥበት ያጣና «ዛሬ ትርፍ የለንም» ማለት ይጀምራል። ትርፉ አለ፣ ዕቃው ነው ያለቀው። ስለዚህ ስትወስዱ ቁጠሩ፣ በማግሥቱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከነክዳኑ ማን እንደሚመልሰው ስሙን ጻፉ፤ «እናንተ ትመልሱታላችሁ ብዬ ነው» የሚባለው ያ ስም ሳይጻፍ ሲቀር ነው። በሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።