ወንበራችሁ ላይ ያለው ወረቀት፦ በኮምፒውተር ሳይንስ የመምህርነትና የምርምር ሥራ ለሚፈልጉ የፒኤችዲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ስትገቡ ወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት አግኝታችኋል። የሥራ ማስታወቂያ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም በጥቁር ቀለም ሸፍኜዋለሁ። ለጊዜው ገልብጣችሁ አስቀምጡት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። አዎ፣ ከኋላ ያላችሁትም። አትስረቁ።

እኔ ሥራ ፈላጊ ሆኜም አመልክቻለሁ፣ በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬም የሰው ማመልከቻ አንብቤያለሁ። በሁለቱም በኩል ያስገረመኝ ነገር አንድ ነው። አንድን ፔፐር፣ ማለትም የምርምር ጽሑፍ፣ አምስት ጊዜ ደጋግሞ የሚያነብ ሰው፣ የሥራ ማስታወቂያን በሁለት ደቂቃ ገረፍ አድርጎ ይዘጋዋል። ከዚያ ያመለክታል። ብዙ ጎበዝ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ዙር ሲወድቅ አይቻለሁ። ችሎታ አጥሮት አይደለም። የተጠየቀው ሌላ፣ የላከው ሌላ ሆኖ ነው።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያዬን ማመልከቻ የላክሁት በመጨረሻው ቀን፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሲቪው አለ፣ የምርምር ዕቅዱ አለ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ለካ የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉልኝ መምህራን ሊንኩ የሚሄደው እኔ «ላክ» የሚለውን ከተጫንኩ በኋላ ነው። ደብዳቤዎቹም በዚያው ቀን መግባት ነበረባቸው። አማካሪዬ ጠዋት ኢሜይላቸውን ሲከፍቱ ሊንኩ ተዘግቷል። ደውለው «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። በኋላ ማስታወቂያውን ተመልሼ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ቃላት ነው የማወራው።

«ሌክቸረር» የሚለውን ውሰዱ። እንግሊዝ አገር ሌክቸረር የዩኒቨርሲቲ መምህርነት መነሻ ደረጃ ነው። በአብዛኛው ምርምርም ማስተማርም አለበት፤ ቅጥሩም ብዙ ጊዜ ቋሚ ነው። ከዚያ ሲኒየር ሌክቸረር፣ አንዳንድ ቦታ ሪደር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር እያለ ይወጣል። አሜሪካ ግን ሌክቸረር ከተባለ ባብዛኛው የማስተማር ሥራ ነው፤ በኮንትራት የሚታደስ። ቃሉ አንድ፣ እንጀራው ሌላ። ማስተማር የሚወድ ሰው ደስ ብሎት ይግባበት፣ እኔም የማውቃቸው ምርጥ አስተማሪዎች እዚያ ናቸው። ግን አምስት ገጽ የምርምር ዕቅድ ልኮ ስለ ማስተማር አንድ አንቀጽ የጻፈ ሰው እዚያ ቦታ የለውም።

«ረዳት ፕሮፌሰር»ም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ አጠገቡ «ቴኑር ትራክ» የሚል ካለ፣ የስድስት ዓመት ገደማ ሙከራ አለ ማለት ነው። ከዚያ ወይ ቋሚ ትሆናላችሁ፣ ወይ ትሰናበታላችሁ። የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው መግለጫ የሙከራው ጊዜ ከ7 ዓመት አይለፍ ብሏል፤ አሠራሩ እስከ ዛሬ በዚያ ዙሪያ ነው። «ቪዚቲንግ» የሚል ቃል ከፊቱ ካለ ግን ሥራው ጊዜያዊ ነው፣ ማዕረጉ ቢያምርም። 

ጀርመን ሌላ ዓለም ነው። ድሮ ፕሮፌሰር ለመሆን ከፒኤችዲ በኋላ «ሃቢሊታሲዮን» የሚባል ሁለተኛ ትልቅ ሥራ መጨረስ የተለመደ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 «ጁኒየር ፕሮፌሰር» የሚባል ደረጃ በሕግ መጣ። ስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ መሀል ላይ ግምገማ አለ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ፦ አንዳንዱ ማስታወቂያ ቴኑር ትራክ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። የሌለውን የያዘ ሰው ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ሥራ ፈላጊ ነው። ለዚያውም ስድስት ዓመት አርጅቶ።

ፈረንሳይ ደግሞ ውድድር አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ሲኤንአርኤስ እና እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም ኢንሪያ ቋሚ ተመራማሪ የሚቀጥሩት በየዓመቱ በሚወጣ አገር አቀፍ ውድድር ነው። ያለፈ ሰው ገና በወጣትነቱ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል፤ የማስተማር ግዴታም የለበትም። በእኔ ግምት በዓለም ላይ ካሉት የምርምር ሥራዎች እጅግ ምቹ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ደመወዙን ካላነሳን። ቀኑ ካመለጣችሁ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ቀን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የመምህርነት ማስታወቂያ በብዛት የሚወጣው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ቃለ መጠይቁ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይካሄዳል፤ ሥራው በነሐሴ አካባቢ ይጀመራል። ስለዚህ ከመመረቃችሁ አንድ ዓመት በፊት መዘጋጀት አለባችሁ። አውሮፓ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፤ «ዩራክሰስ» የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት ገጽ አዘውትራችሁ እዩ። ለሰሜን አሜሪካ የኮምፒውቲንግ ምርምር ማኅበሩን፣ ማለትም የሲአርኤን የሥራ ዝርዝር ተመልከቱ።

አሁን ወደ ጭንቁ ልግባ፤ ወደ ፖስትዶክ። ከፒኤችዲ በኋላ የሚያዝ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ ነው። ማስታወቂያው ላይ «የመራዘም ዕድል አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ደስ ይላል። ግን ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? ከአንድ ፕሮጀክት ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ መቼ ያልቃል? ይህን ሳትጠይቁ ከፈረማችሁ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ጠይቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም። የሚቆጣ ካለም ቀድማችሁ ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

የራሳችሁን ገንዘብ ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ የአውሮፓው ማሪ ኩሪ የፖስትዶክ ድጋፍ አለ። ብዙ ሰው የሚጥል አንድ ደንብ አለው። በተለመደው ደንብ፣ ልትሄዱበት ባሰባችሁት አገር ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ መሆን የለበትም። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ወር ሙሉ ፕሮፖዛል ከጻፈ በኋላ ነው ይህን መስመር ያየው። እዚያው አገር ነበር የሚኖረው።

ሁለት ሐረጎችን ለዩልኝ፦ «ያስፈልጋል» እና «ቢኖር ይመረጣል»። የመጀመሪያው በር ነው፤ ካላሟላችሁ አትገቡም። ሁለተኛው ምኞት ነው። ኮሚቴ ውስጥ ስንቀመጥ ያንን ዝርዝር እንዴት እንደምንጽፍ ብታዩ ትስቃላችሁ። አንዱ ሴኪዩሪቲ ጨምሩ ይላል፣ ሌላው ማሽን ለርኒንግ፣ ሦስተኛው ስብሰባው እንዲያልቅ ብቻ እሺ ይላል። ያን ሁሉ የሚያሟላ ሰው አልተፈጠረም። ግን ከዝርዝሩ አንድ ጎደለኝ ብለው የሚቀሩ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እንዲያመለክቱ የምንፈልጋቸው ጠንቃቆቹ ናቸው።

ከኮምፒውተር ሳይንስ ውጭ ላሉ ሰዎች ማስረዳት የሚያስቸግር አንድ ነገር አለን። በእኛ ዘርፍ ትልልቅ ሥራዎች በኮንፈረንስ ይወጣሉ። እንደ ኒውሪፕስ፣ ሲቪፒአር ወይም ስቶክ ባለ ኮንፈረንስ ላይ የወጣ ፔፐር ከብዙ ጆርናል ይበልጣል። ማስታወቂያው ግን አንዳንዴ የሚጻፈው በዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ ፎርም ነው፤ «የጆርናል ኅትመት» ይላል። ፋይላችሁ ደግሞ ከዲፓርትመንቱ አልፎ ኬሚስት የሆነ ዲን ጋ ሊደርስ ይችላል። ሲቪያችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ኮንፈረንሱ ሙሉ ፔፐር በገምጋሚዎች አጣርቶ የሚቀበል መሆኑን ጻፉ። የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚመዝነው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ይጠየቃል። «ጎበዝ ተማሪ ነች፣ ትጉህ ነች፣ ሰዓት ታከብራለች» የሚል ደብዳቤ አንብቤ አውቃለሁ። ጸሐፊው ሊረዷት ፈልገው ነው። እኛ ግን የተረዳነው ስለ ምርምሯ የሚሉት እንደሌላቸው ነው። ደብዳቤ የሚጠቅመው «ይህን ችግር ለብቻዋ አገኘችው፣ እኔ አይሆንም ብዬ ነበር፣ ተሳስቼ ነበር» ሲል ነው። መምህራን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ይረሳሉ። ስለዚህ ስትጠይቁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጧቸው። ማስታወቂያውንም አያይዙ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድሙ። እኔን ያያችሁ ተቀጡ።

ስለ ኩባንያ ላብራቶሪዎች ባጭሩ። የምርምር ሥራ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። ዩኒክስ የተወለደው ቤል ላብስ ነው። ማይክሮሶፍት ሪሰርች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አለ። እዚያ የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄ የሠራሁትን ማሳተም እችላለሁ ወይ፣ ፈቃዱን የሚሰጠውስ ማነው የሚል ነው። «ሪሰርች ሳይንቲስት» እና «ሪሰርች ኢንጂነር» የሚሉትንም ለዩ፤ አንዳንድ ቦታ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አንዳንድ ቦታ የስም ነው። ኮድ መጻፍ ከፔፐር በላይ የሚያስደስታችሁ ደግሞ «ሪሰርች ሶፍትዌር ኢንጂነር» የሚለውን ፈልጉ። ስሙ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የወጣለት፤ ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም ይቀጥራል።

ስለ ቃለ መጠይቁ ዛሬ አልናገርም፤ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

በሉ፣ አሁን ወረቀቱን ገልብጡት። እስክሪብቶ አውጡ። ርዕሱ «ረዳት ፕሮፌሰር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ» ይላል። ሥራው ግን አብዛኞቻችሁ የምታስቡት ሥራ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ የሚናገሩ ሦስት ቃላት እዚያው ገጽ ላይ አሉ፤ አንዱ ከታች በትንንሽ ፊደል ነው የተጻፈው። አሥር ደቂቃ አላችሁ። ሦስቱንም ያገኘ እጁን ያውጣ።