አይስ ሲሏችሁ የቱን አይስ ነው? (የቪዲዮ ትረካ ጽሑፍ)

[ምስል፦ ከፋሲል ግቢ ጀርባ ሰማዩ ሲጠቁር]

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁልኝ። እስኪ አንድ ጎንደሬ ሚኒሶታ ሆኖ ለእናቱ ደወለ እንበል። «እማዬ ሰሞኑን ከቤትም አልወጣሁ፣ ከተማው ውስጥ አይስ በዝቷል» ይላታል። እሷ ደግሞ ፒያሳ ካለው ቤቷ ሆና «ውይ ልጄን፣ ታዲያ ካፖርትህን ደርብ እንጂ፣ ካልሲም ደራርብ» ትለዋለች። ልጅየው ግን ስለ ብርድ አይደለም ሚያወራው፣ ስለ ኢሚግሬሽን ሰዎች ነው። ደሞ እሷም አልተሳሳተችም፣ ሚኒሶታ ሁለቱም አይስ አለ።

እና ዛሬ ስለዚች ቃል ነው ምናወራው፣ በእንግሊዝኛ በረዶ ማለት ስለሆነችው «አይስ»። ዲክሽነሪ ብትከፍቱ ትርጉሟን ከላይ እስከ ታች ይደረድርላችኋል፣ ግን ድርድሩን መሸምደድ ምንም አይሰራም፣ ነገ ሌላ ይጨመርበታላ። እኔ ማየው እንዲህ ነው፣ ቃሏ ከበረዶ ወጥታ ወደ ሌላ ቦታ ስትሄድ ሁሌም ከበረዶው አንድ ጸባይ ይዛ ነው ምትሄደው፣ አንዴ ማንሸራተቱን፣ አንዴ ቅዝቃዜውን፣ አንዴ ማብረቅረቁን። የቱን ይዛ እንደሄደች ከገባችሁ አበቃ። አንድ ምንም ሳትይዝ ምትሄድበት ቦታም አለ፣ እሱን ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

[ምስል፦ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚዘንብ በረዶ]

መጀመሪያ ግን ለምን ለኛ እንደሚከብደን ልንገራችሁ። የኛ በረዶ ከላይ ነው ሚመጣው። ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው መደማመጥ ያቅተዋል፣ ልጆች ወጥተው ይለቅማሉ፣ ገበሬው ደግሞ «እህሉን በረዶ መታው» ይላል። መምታት ነው ስራው። ወደ ስሜን ከፍ ካላችሁ፣ ግጭ አካባቢ ካምፕ ያደረ ሰው ያውቀዋል፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ራስ ዳሽን ላይማ 4,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዳንዴ አናቱ ነጥቶ ይታያል። ግን እሱም ቢሆን ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል። ማንም ሰው ጣና ላይ በእግሩ ሄዶ አያውቅም፣ ሀይቁ አይረጋማ!

እንግሊዝኛ የተወለደበትና ያደገበት ሀገር ያለው አይስ ግን ከእግር ስር ነው ያለው። ወንዙ ይረጋል፣ ሀይቁ ይረጋል፣ ሰው ላዩ ላይ ይሄድበታል፣ ይንሸራተትበታል፣ አንዳንዴም ይሰምጥበታል። ይቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ ግማሹ አባባላቸው ከሷ ነው ሚወጣው።

እዚጋ ትንሽ ሳይንስ እንቀላቅል፣ ካልወደዳችሁ ወደፊት አሳልፉት። ብዙው ነገር ሲቀዘቅዝ ይጠባል፣ ይከብዳል፣ ውሃ ግን እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንደሌላው ሲጠብ ይቆይና ከዛ በኋላ አቅጣጫ ይቀይራል፣ በረዶ ሲሆን ወደ 9 ፐርሰንት ገደማ ይሰፋል። ሙሉ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁ ተሰንጥቆ ያገኛችሁት ለዚ ነው። ስለሰፋ ደሞ ከውሃው ይቀላል፣ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ሀይቅ ሚረጋው ከላይ ወደ ታች ነው፣ ላዩ ክዳን ይሰራል፣ አሳው ስር ሆኖ ክረምቱን ያሳልፋል። ከታች ወደ ላይ ቢሆን ኖሮ አሳም የለ፣ ይሄ ሁሉ አባባልም የለ።

እሺ፣ አሁን «ሂ ኢዝ ኦን ቲን አይስ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ቃል በቃል ስስ በረዶ ላይ ቆሟል ነው። ለኛ ምንም አይመስልም፣ በረዶ ላይ ቆመ እና ምን ይጠበስ? ለነሱ ግን ከበረዶው ስር ጥቁር ውሃ አለ። ሰው ለመሸከም ጥሩ የረጋ በረዶ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው ነው ሚሉት፣ ከዛ ከሳሳ እያንዳንዱ እርምጃ ቁማር ነው። አለቃው ሁለቴ ያስጠነቀቀው ሰራተኛ እንዲህ ይባላል፣ እስካሁን አልወደቀም ግን ስሩ ባዶ ነው።

«ብሬክ ዘ አይስ» ደግሞ ጎንደር ውስጥ ስልጠና የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሳያውቀው ያውቀዋል ማለቴ ነው። የሆነ ሆቴል አዳራሽ ትገባላችሁ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣችኋል፣ ከዛ አሰልጣኙ «በአይስ ብሬከር እንጀምር» ይልና አርባ አመት የሞላቸውን የመስሪያ ቤት ኃላፊ አስነስቶ ስማቸውን ከሚወዱት ፍራፍሬ ጋር ያስጠራቸዋል። ጋሼ «እኔ ማንጎ ነኝ» ብለው ሲቀመጡ በጣም ያሳዝናሉ። ነገሩ የመጣው ከመርከብ ነው፣ የረጋ ውሃ መርከብ አያሳልፍም፣ ቀድሞ ገብቶ በረዶውን እየሰበረ መንገድ ሚከፍት መርከብ አለ፣ ዛሬም አይስ ብሬከር ነው ስሙ። እሱ ካለፈ በኋላ ሌላው ይከተላል፣ በማይተዋወቁ ሰዎች መሀል ያለውን ዝምታ መስበርም እንደዛው ነው። እኛ ግን እኮ ለዚህ ቡና አለን፣ አቦል እስኪወርድ ድረስ የማይተዋወቅ ሰው የለም፣ ማንጎው ምን አስፈለገ።

አይስበርግን አልነካካውም፣ ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. የመታችው ትልቁ ተንሳፋፊ በረዶ ነው፣ ከአስር እጁ ዘጠኙ ገደማ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነው «ይሄ ጫፉ ነው» ሚሉት፣ በቃ።

[ምስል፦ የክትባት መያዣ ሳጥን ተከፍቶ]

ቀጥሎ ቅዝቃዜውን ይዛ የሄደችበት ነው። ፍሪጅ ሳይኖር በፊት በረዶ ራሱ ሸቀጥ ነበር፣ ይሄን ስሰማ እኔም አላመንኩም። ፍሬድሪክ ቱዶር ሚባል የቦስተን ነጋዴ ከረጋ ኩሬ በረዶ እያስጋዘ በመጋዝ ብናኝ ሸፍኖ በመርከብ ይሸጥ ነበር፣ በ1806 እ.ኤ.አ. ወደ ካሪቢያኗ ማርቲኒክ ላከ፣ በ1833 ደግሞ ህንድ ካልካታ ድረስ አደረሰ። ወራት ባህር ላይ ከርሞ የተረፈውን ነው ሚሸጠው! እንግዲህ በረዶ ላይ ያስቀመጡት ነገር ሳይበላሽ ስለሚቆይ «ፑት ኢት ኦን አይስ» ማለት ጉዳዩን አቆዩት ማለት ሆነ፣ በኛ ቢሮ ቋንቋ መሳቢያ ውስጥ ገባ ምንለው አይነት። ልዩነቱ ከመሳቢያው ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ቅዝቃዜውን ግን ከሁሉ በላይ በቅርብ ሚያውቁት ክትባት ይዘው ገጠር ሚወጡት የጤና ባለሙያዎች ናቸው። አይስ ፓክ ሚሉት ውሃ የተሞላ ጠፍጣፋ ላስቲክ አለ፣ ፍሪዘር ውስጥ ያድራል። ጠዋት አውጥተው ቀጥታ ከክትባቱ ጋር ሳጥን ውስጥ አይጨምሩትም። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ ያልበዋል፣ ከዛ አንስተው ጆሯቸው ጋ አድርገው ይነቀንቁታል። ውስጡ ያለው በረዶ ለቆ ውሃው ቸፍ ቸፍ ሲል ከተሰማ ዝግጁ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ እንደ ፔንታቫለንትና ቴታነስ አይነቱ ክትባት ሙቀት ብቻ ሳይሆን መርጋትም ያበላሸዋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቆየት ያለበት። ደረቅ ድርቅ ያለ በረዶ አጠገቡ ብታስቀምጡት ለማዳን ብላችሁ ትገድሉታላችሁ።

ደረቅ ስል ትዝ አለኝ፣ «ድራይ አይስ» ሚባለው ውሃ አይደለም። ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው፣ ያ ከአፋችን ሚወጣው ጋዝ፣ ረግቶ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሲሞቅ አይቀልጥም፣ ቀጥታ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፣ ለዛ ነው ደረቅ የተባለው፣ ምንም አያረጥብም። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ እግር ስር ሚንሳፈፈው ጭስም ብዙ ጊዜ ከሱ ነው ሚወጣው። በባዶ እጅ እንዳትነኩት፣ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ክፍልም አይከመርም፣ አየሩን ያፍነዋል።

መልኩን ይዛ የሄደችበት ደግሞ አለ። ኬክ ላይ ያለው አይሲንግ፣ ስኳሩ ሲደርቅ ጠንከር ብሎ ስለሚያበራ ነው። አልማዝም አይስ ነው፣ ራፐሮቹ አንገታቸው ላይ ሚያንጠለጥሉት። ሜታምፌታሚን ሚባለው አደገኛ እፅም ክሪስታሉ የበረዶ ስባሪ ስለሚመስል መንገድ ላይ አይስ ይሉታል፣ ውጭ ሀገር ያላችሁ ታናናሾቻችን፣ አንዱ ፓርቲ ላይ ጠጋ ብሎ «አይስ ትፈልጋለህ?» ካለህና እጁ ላይ ብርጭቆ ከሌለ ጥለኸው ውጣ።

«ብላክ አይስ» ደግሞ ጥቁር አይደለም፣ መስታወት ነው። አስፋልት ላይ ስስ ሆኖ ይረጋና ስሩ ያለው አስፋልት ስለሚታይ መንገዱ ደረቅ ይመስላል፣ ድልድይ ላይ ከስሩም ከላዩም አየር ስለሚያገኘው ቀድሞ ይሰራል። ካናዳ ሄዶ ታክሲ ሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን ይንገረው፣ ፍሬን እንዳይረግጥ፣ መሪውን እንዳይጠመዝዝ፣ እግሩን ከነዳጁ ያንሳና ቀጥ ብሎ ይለፍ።

ደሞ ግስ ስትሆን ቃሏ ታስቃለች። «አይስ ኢት» ብሎ ሀኪም ካዘዘ የዞረውን ቁርጭምጭሚትህን በረዶ ያዝበት ነው፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ቆዳው ላይ ቀጥታ አይደለም። ኬክ ቤት ውስጥ ከሆነ ክሬሙን ቀባው ነው። «አይስ ሂም» ብሎ የማፊያ ፊልም ላይ አለቅየው በሹክሹክታ ካዘዘ ግን ሰውየው በቃ አለቀለት፣ ግደሉት ማለት ነው።

[ምስል፦ ሶስቱ የላቲን ፊደሎች በትልቁ፣ በየመሀሉ ነጥብ]

አሁን ምንም ሳትይዝ ወደሄደችበት እንምጣ። እነዚህ ICE ተብለው ሚጻፉ ምህፃረ ቃላት ናቸው፣ ከበረዶ ጋር ዝምድና የላቸውም። ፈረንጆቹ በትልልቅ ፊደል ስለሚጽፉት ሲያዩት ይለዩታል፣ የኛ ፊደል ደሞ ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ፌስቡክ ላይ «አይስ» ተብሎ ከተጻፈ ሁሉም አንድ ነው፣ ያቺ እናት ምን ታድርግ።

የልጅየው አይስ የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ህግ አስከባሪ መስሪያ ቤት ነው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ በሀገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴሩ ስር ነው ያለው። ጀርመን ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረ ICE ሚባል ፈጣን ባቡር አላቸው፣ እነሱ ግን ፊደሉን ነጣጥለው ኢ-ፄ-ኤ ነው ሚሉት፣ ጣቢያ ገብታችሁ «አይስ የት ነው?» ብትሉ አይስክሬም መሸጫውን ነው ሚያሳዩዋችሁ፣ በጀርመንኛ አይስ በረዶም አይስክሬምም ነዋ።

የመኪና ቪዲዮ ምታዩ ደሞ «ይሄ አይስ ነው፣ ያኛው ኢቪ ነው» ሲሉ ትሰማላችሁ፣ ኢቪ በኤሌክትሪክ ሚሰራው መኪና ነው። ኤሲው በደንብ ያቀዘቅዛል ማለት እንዳይመስላችሁ! አይስ ነዳጅ ውስጡ ሚያቃጥል ሞተር ማለት ነው፣ እንዲያውም ስሙ ከበረዶ ጋር ተቃራኒ ነው፣ እሳት ነው ውስጡ ያለው። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ ሚሰሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ይሄ አይስ ለኛም የገበያ ቃል ሆኗል፣ ከአዘዞ ፒያሳ ሚመላለሰው ባለ ቤንዚን ባጃጅም በዚህ አቆጣጠር አይስ ነው።

የመጨረሻዋ ስልካችሁ ውስጥ ምትገባው ናት። በ2005 እ.ኤ.አ. ቦብ ብሮቺ ሚባል እንግሊዛዊ የአምቡላንስ ባለሙያ፣ ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ለማን እንደሚደወል ስለማይታወቅ፣ ሰዉ ቅርብ ዘመዱን «አይስ» ብሎ ሴቭ ያድርግ የሚል ሀሳብ አመጣ፣ ድንገተኛ ነገር ከገጠመ ለማለት ነው። ያኔ ብዙው ሰው ስልኩን አይቆልፍም ነበር፣ አሁን በፓስዎርድ ስለተዘጋ ኮንታክት ውስጥ መጻፉ ብቻ አይበቃም። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሴፍቲ ኤንድ ኢመርጀንሲ ሚል አለ፣ አይፎን ከሆነ ሄልዝ አፕ ውስጥ ሜዲካል አይዲ፣ እዛ ጋ የምትፈልጉትን ሰው ስልክና የደም አይነታችሁን ሙሉ፣ ተቆልፎም ሲታይ እንዲወጣ ፍቀዱለት፣ እና ስሙን «እማዬ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ ያነሳው ሰው ስሟን ጠርቶ እንዲያናግራት ሙሉ ስሟን ጻፉት።