ማልያውን አውልቀን እንነጋገር

እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ለ2017 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ትንሽ ዘግይቷል፣ ግን መስከረም ገና አላለቀም። ከኋላ የቆማችሁ ግቡ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ቡናው እስኪቀርብ ነው የማቆያችሁ፤ የማወራውም ስለ ዘንድሮው፣ በፈረንጆቹ 2024፣ የአሜሪካ ምርጫና ስለ እኛ ቨርጂኒያ ስላለነው ኢትዮጵያውያን ነው።

የእንቁጣጣሽን ዋዜማ እስቲ አስታውሱልኝ። ጳጉሜን 5፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10። ወጥ ቤት ዶሮው ተጥዷል፣ ሳሎን ደግሞ ካማላ ሃሪስና ዶናልድ ትራምፕ ፊላደልፊያ ላይ በምርጫ ክርክር ተፋጠዋል። በመሃል ትራምፕ ኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ ያሉ ስደተኞች የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። ከአወያዮቹ አንዱ ዴቪድ ሚዩር የከተማዋን ሥራ አስኪያጅ ጠይቀን ተአማኒ ሪፖርት የለም ብለውናል ሲል እዚያው አረመ። ማን ሰምቶት! በበነጋው እንኳን አደረሳችሁ ሊባባል ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያገኘው የድመት ቀልድ ነው።

ተሳቀ፣ ታለፈ። ስፕሪንግፊልድ ግን አላለፈም። በዚያው ሳምንት ማዘጋጃ ቤቱና ትምህርት ቤቶች በቦምብ ማስፈራሪያ ሰው እንዲወጣባቸው ተደረገ። ማስፈራሪያዎቹ ውሸት ሆነው ተገኙ፣ ልጆቹ ግን ከክፍል ወጥተዋል። ወሬው ሐሰት ነው ብለው ደጋግመው የተናገሩት ደግሞ የኦሃዮ አገረ ገዥ ማይክ ደዋይን ናቸው። ሪፐብሊካን ናቸው፣ ለትራምፕም ድጋፋቸውን አላነሱም፤ ያንን ውሸት ግን ውሸት ነው አሉት። ይህን ያዙልኝ።

ከእኛ ሰዎች አንዳንዱ ታዲያ «እነሱ ሄይቲዎች ናቸው፣ እኛን ምን አገባን?» ይላል። ምን አገባን? እዚያ ካሉት ሄይቲዎች ብዙዎቹ የሚኖሩትና የሚሠሩት ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ነው። ኢትዮጵያም በ2022 መጨረሻ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንኑ ወረቀት ይዞ የሚሠራ ሰው ሊኖር ይችላል። ዛሬ ስለ እነሱ የተወራው ነገ ስለ እኛ የማይወራበት ምክንያት ካለ እስቲ ንገሩኝ።

የትራምፕ ደጋፊዎች ፊታችሁ ተቀያየረ፣ አየሁት። ቆዩ፣ ገና ነው።

ጁን 27 አትላንታ ላይ በባይደንና በትራምፕ ክርክር የሆነውንም ሁላችንም አይተናል። ፕሬዚዳንት ባይደን ዓረፍተ ነገር ጀምረው መጨረስ ሲያቅታቸው አገር ጉድ አለ። ግን ከዚያ በፊት ለስንት ወር ነው «ሰውዬው ደክመዋል» ያለ ሁሉ የትራምፕ አፍ ሲባል የከረመው? ጁላይ 21 ከውድድሩ ሲወጡ ያው «በፍጹም አልደከሙም» ሲል የነበረ ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ «ጥበብ የተሞላበት ውሳኔ» ብሎ ለጠፈ። በአንድ ሌሊት! ማንም ይቅርታ ሲል አልሰማሁም።

የጊዮርጊስ ደጋፊ ዳኛው ለቡና ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ «ልክ ነው፣ ጥፋት ነበር» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትሰሙም። ኳስ ላይ እንዲያውም ያ ነው ደስ የሚለው። ፓርቲ ግን ማልያ አይደለም። ዲሞክራትም ሁኑ ሪፐብሊካን ችግር የለብኝም፤ ችግሬ የራሱን ወገን ጥፋት ማየት የማይችል ዓይን ነው። ደዋይንን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ሰውየው ፓርቲያቸውን ሳይለቁ እውነቱን ተናገሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ፣ እዚያ ነው ጉዱ።

ኦክቶበር 2020 ትራምፕ ስለ ሕዳሴ ግድብ ሲናገሩ ግብጾች «ያንን ግድብ ያፈነዱታል» አሉ። እኛ ሰፈር ነደደ። ብዙ ሰው በንዴት ወደ ባይደን ሄደ። ዓመት ሳይሞላ የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣ፣ ያው ሰፈር እንደገና ነደደ። ኖቬምበር 2፣ 2021 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት የንግድ ዕድል፣ እንደምትወጣ ለኮንግረስ ተነገረ። ያ ቀን ደግሞ ቨርጂኒያ አገረ ገዥ የምትመርጥበት ቀን ነበር። ከእኛ ሰው ባንዲራ ይዞ ለሪፐብሊካኑ እጩ ለግሌን ያንግኪን የቀሰቀሰው ቀላል አልነበረም። ያንግኪን ዲሞክራቱን ቴሪ ማኮሊፍን በ60 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ከዚያ ውስጥ የእኛ ስንት ነው የሚለውን እያንዳንዱ እንደ ጉራው ይቆጥረዋል። ያኔ የተቆጣውን ሰው አልነቅፍም። አገሩ ሲነካ የማይቆጣ ሰው የለም፣ ማኅበረሰባችንም በጦርነቱ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ ሁሉም የየራሱ ሐዘን ነበረው።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ስለ አጎዋ ምን ይወስናል? ምንም! ማዕቀብ አይጥልም፣ ማዕቀብ አያነሳም። የእሱ ሥልጣን ትምህርት ቤቱ ላይ ነው፣ መንገዱ ላይ ነው፣ የሕክምና ዋስትናው ላይ ነው፣ የመራጮች መዝገብ ላይ ነው። እኛ በአጎዋ ስንናደድ ስለነዚህ አንዱንም አልጠየቅንም። አንዱን ማልያ አውልቀን ሌላውን ለበስን፣ በቃ።

የመራጮች መዝገብ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ኦገስት 7፣ 2024 አገረ ገዥ ያንግኪን አንድ ትእዛዝ ፈርመዋል። እዚያ ላይ እንደተገለጸው ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ዜጋ አይደሉም የተባሉ ከ6,300 በላይ ስሞች ከመዝገብ ተሰርዘዋል። ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ የለበትም፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ አሠራሩ ላይ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታሳድሱ ዜጋ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አይደለሁም የሚል መልስ እዚያ ከተገኘ ስማችሁ ወደ ምርጫ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ደብዳቤ ይመጣል፣ በ14 ቀን ውስጥ ዜጋ መሆናችሁን አረጋግጣችሁ ካልመለሳችሁ ትሰረዛላችሁ። እንግዲህ አስቡት፤ በግሪን ካርድ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ያወጣ፣ በኋላ ዜግነት ምሎ የወሰደ፣ ወይም በስህተት ሌላ ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው አለ። ደብዳቤው ደግሞ የመጣው ድሮ በነበረበት አፓርታማ ነው። እንደኛ ቤት የሚቀያይር ማን አለ! ስለዚህ ሪፐብሊካን ሁኑ ዲሞክራት፣ ዛሬ ማታ ስማችሁ መዝገብ ላይ መኖሩን በስቴቱ የምርጫ ድረ ገጽ ላይ እዩ። ሁለት ደቂቃ ነው።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» የምትሉ አላችሁ። የፕሬዚዳንቱን ፉክክር ከሆነ፣ እውነት ለመናገር፣ ቨርጂኒያ ከ2004 ወዲህ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥታ አታውቅም። ያ ሁሉ ማስታወቂያ የሚፈስሰው ፔንሲልቬኒያና ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሪዞናና ኔቫዳ ላይ ነው። ጆርጂያ በ2020 የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ ነው፤ አትላንታ ወይም ላስ ቬጋስ ዘመድ ያላችሁ ደውሉላቸው። እኛ ጋ ሚዛኑ ያለው ወረድ ብሎ ነው፣ ሰው ሳያነብ ከሚያልፈው ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታችኛው ክፍል።

የኒውፖርት ኒውስን ታሪክ ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? በፈረንጆቹ 2017 የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ፣ 94ኛው ወረዳ። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ፣ ዲሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ። በመጀመሪያ ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ። እንደገና ሲቆጠር ሲመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፉ፣ 11,608 ለ11,607። ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሳይጨርስ በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ተቀመጡ። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሯል፣ ከዚያ የሲመንድስ ላይ በእስክሪብቶ ሰረዝ አድርጓል። ምን ማለቱ ነው? ዳኞቹ ለያንሲ ነው አሉ። እኩል ለእኩል፣ 11,608 ለ11,608!

ሕጉ እኩል ሲሆን ዕጣ ይላል። ጃንዋሪ 4፣ 2018 ሪችመንድ ላይ የሁለቱ ስም በድሮዎቹ የፎቶ ፊልም መያዣዎች ተጨምሮ፣ ከሙዚየም በተዋሱት የሸክላ ሳህን ውስጥ ገብቶ፣ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጃቸውን ከተው አንዱን አወጡ። ያንሲ! ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። በዚያ ዕጣ የሌላው ስም ቢወጣ 50 ለ50 ይሆን ነበር። ያ በጠባብ ልዩነት የተያዘ ምክር ቤት ነው በዚያው ዓመት ከስንት ዓመት ንትርክ በኋላ ሜዲኬይድን፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሆነውን የመንግሥት የሕክምና ዋስትና፣ ያስፋፋው። የኡበር ሥራ ብቻ እየሠሩ ሐኪም ቤት ለመሄድ ይፈሩ የነበሩ ሰዎች ካርድ ያገኙት በዚያ ሕግ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ዲሞክራቶች ለብቻቸው አላሳለፉትም፤ ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ሪፐብሊካኖች አብረው ድምፅ ሰጥተዋል። ማልያ አውልቀው ማለት ነው።

አሁን፣ ያን ቀን ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ሥራ ደክሞት ቤቱ የቀረ አንድ ሰው የለም ትሉኛላችሁ?

ዘንድሮ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ከፕሬዚዳንቱ ሌላ ሴናተር፣ የኮንግረስ አባል፣ ከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ ትመርጣላችሁ። የትምህርት ቦርዱ የልጃችሁን ትምህርት ቤት በጀት ይወስናል። በቲክቶክ ስለ ትራምፕና ስለ ሃሪስ ሌሊቱን የሚሰዳደቡ ሰዎችን ከቦርዱ እጩዎች አንድ ስም ጥሩ ብትሏቸው ይደነግጣሉ።

ማንን ምረጡ አልላችሁም። ይህ ማኅበር ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበር ነው፣ ከ1954 ጀምሮ ባለው ሕግ እጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊዱም እንዲሁ። ስለዚህ ከመድረክ ላይ ስም ጠርቶ ምረጡ የሚላችሁን ሰው ወንበሩን ይዞ ወደ ውጭ እንዲወርድ ንገሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግሪን ካርድ፣ ቲፒኤስ ወይም ጥገኝነት ላይ ያላችሁ፣ አትመዝገቡ፣ አትምረጡ። «ሞክረው፣ ምን ይልሃል» የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙ። ወንጀል ነው፣ ዜግነታችሁን ያስከለክላል፣ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። ቅጽ ሲሰጧችሁ ካልገባችሁ አትፈርሙ፣ ጠይቁ።

ዜጎች፣ ቀደም ብሎ መምረጥ ሴፕቴምበር 20 ተጀምሯል፣ ኖቬምበር 2 ያበቃል። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 15 ነው። የምርጫው ቀን ኖቬምበር 5። ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ልጆቻችን ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ስማችሁን ይፈልጉላችኋል፣ አድራሻ የቀየራችሁ እዚያው አስተካክሉ።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። የትራምፕ ደጋፊ ከሆንክ ስለ ስፕሪንግፊልድ፣ የሃሪስ ደጋፊ ከሆንሽ ስለ ጁን 27 በመናገር ጀምሩ። ማይኩ ወደዚያ ይሂድ፣ እናቴ ናቸው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት።